ሙሉ ጥጥ ቲሸርት በምን ትለያላችሁ? (ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ እርዱኝ)

የሐረጎ ተመላላሽ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደሴ ነው፣ የምሠራው ኮምቦልቻ። በሳምንት ስድስት ቀን በመሃል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። ጠዋት ከቤት ስወጣ ያለ ጃኬት አይቻልም። ኮምቦልቻ ስደርስ ጃኬቱን አውልቄ በቲሸርት ብቻ ነው የምውለው። ሥራዬ መጋዘን ውስጥ ነው። ዕቃ ማንሳት አለ፣ ላብ አለ።

ባለፈው ወር ሦስት ቲሸርት ገዛሁ። ሦስቱም አንገታቸው ላይ "100 ፐርሰንት ኮተን" የሚል ጽሑፍ አላቸው። አንዱ በሁለተኛው አጠባ ዞረ። የጎኑ ስፌት ተጠማዞ ሆዴ ላይ መጣ። ሌላው አንገቱ ረገበ። ሦስተኛው ቅርጹ ደህና ነው፣ ግን ላብ አይመጥም፤ ጀርባዬ ላይ ይለጠፋል። ሻጩን ስጠይቀው "ኦሪጅናል ነው ወንድሜ" ብሎ ዝም።

የሱቅ ስም እንድትነግሩኝ አይደለም የምፈልገው። ገበያ ቆሜ በእጄ ነክቼ፣ በዓይኔ አይቼ እንዴት ልለይ? ዘዴ ያላችሁ ጻፉልኝ።

ጦሳ ሥር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

እሳት ይለየዋል። ከውስጥ በኩል ክር ምዘዝና በክብሪት አቃጥለው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ ሽታውም የተቃጠለ ወረቀት ነው፣ አመዱ ግራጫ ሆኖ በጣት ስትነካው ብን ይላል። ፖሊስተር ግን ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል። ሲቀዘቅዝ እንደ ዶቃ ደርቆ ይቀራል።

የሐረጎ ተመላላሽ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:50

አሁኑኑ ሞከርኩት። ከታች ጠርዙ ላይ የተንጠለጠለውን ክር መዝዤ አቃጠልኩ። ሦስቱም ቀለጡ! ሦስቱም ዶቃ ሠሩ። ሙልጭ አድርጎ ነው ያታለለኝ ማለት ነው። ነገ ሦስቱንም ይዤ ሱቁ ድረስ እሄዳለሁ።

ወሎዬዋ ስፌት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:10

ወንድሜ፣ ከመሄድህ በፊት ይህን አንብብ። ያቃጠልከው የስፌቱን ክር ነው እንጂ ጨርቁን አይደለም። የልብስ መስፊያ ክር አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ነው፤ ጨርቁ ንጹሕ ጥጥ ቢሆንም። ማሽኑ በፍጥነት ሲሰፋ የማይበጠስ ክር ስለሚፈለግ ነው። እንደዚያ ከሞከርክ የአገሩ ቲሸርት ሁሉ ይቀልጥልሃል።

ልብሱን ገልብጥ። የጎኑ ስፌት ዳር ላይ ኦቨርሎኩ (ጠርዙ እንዳይተረተር የሚይዘው ስፌት) የያዘው ትርፍ ጨርቅ አለ። ከዚያ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቁራጭ በመቀስ ውሰድና ክሩን ከውስጧ ለይ። በወረንጦ ያዘው፣ በጣትህ አይሁን። ሥሩ የብረት ሳህን አድርግ፣ ፖሊስተር ሲቀልጥ ይንጠባጠባል፣ ቆዳ ላይ ከወደቀ ክፉኛ ያቃጥላል።

ቅልቅል ከሆነ ሁለቱንም ጠባይ ያሳይሃል። ይነድዳል፣ አመዱ ውስጥ ግን ጠጣር ፍሬ ይቀራል። ደግሞ እሳት ጥጥን ከቪስኮስ አይለይም። ቪስኮስ ከእንጨት የሚገኝ ስለሆነ እሱም እንደ ወረቀት ነው የሚነድደው።

ኮምቦልቻ ጋርመንት ፋብሪካ 4 ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ መቁረጫ ክፍል፣ ኋላ ጥራት ቁጥጥር። አሁን የራሴ ስፌት ቤት አለኝ። ነገ ደንበኛ ሳይመጣ በደንብ እጽፍልሃለሁ።

የሐረጎ ተመላላሽ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:45

እንዳልሽው ከጨርቁ ቆርጬ ሞከርኩ። የዞረውና አንገቱ የረገበው ጥጥ ናቸው፤ አመዳቸው በነነ። ላብ የማይመጠው ብቻ ነው የቀለጠው። ሰውየውን ለሁለቱ በሐሰት ልከሰው ነበር። እግዜር ይስጥልኝ እህቴ።

ግን አሁን ይበልጥ ግራ ገባኝ። ሁለቱ እውነተኛ ጥጥ ከሆኑ ለምን እንዲህ ሆኑ?

ወሎዬዋ ስፌት | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:15

ጥያቄህ እዚህ ላይ ነው የጀመረው። መለያው የሚነግርህ ጨርቁ ከምን እንደተሠራ ብቻ ነው። ክሩ እንዴት እንደተፈተለ፣ ጨርቁ እንዴት እንደተሠራ፣ እንዴት እንደተቆረጠና እንደተሰፋ አይጽፍም። ልብሱን የሚያኖረው ደግሞ እሱ ነው።

ከዞረው ልጀምር። የቲሸርት ጨርቅ የሹራብ ሥራ ነው፤ ክሩ በቀለበት በቀለበት እየተያያዘ የተሠራ እንጂ በድርና ማግ የተሸመነ አይደለም። ጨርቁን ወደ ዓይንህ አስጠግተህ ብታየው ቁልቁል የሚወርዱ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። ክር ሲፈተል ይጠመዘዛል። ያ ጥምዝ ሁልጊዜ ተመልሶ ሊፈታ ይታገላል። ውሃ ሲነካው ዕድሉን ያገኝና መስመሮቹን ወደ አንድ ጎን ይስባቸዋል። ክሩ ከመጠን በላይ ከተጠመዘዘ መሳቡ ይብሳል። ጨርቁ ደግሞ ከማሽን ሲወርድና ሲጠቀለል እንደተወጠረ ነው። ከመቆረጡ በፊት ተዘርግቶ ቢያንስ አንድ ቀን ማረፍ አለበት። ሳያርፍ ከተቆረጠ ዕረፍቱን አንተ ቤት፣ ሳፋ ውስጥ ነው የሚወስደው። ያን ጊዜ ያጥራል፣ ይዞራል።

ሱቅ ውስጥ ይህን አድርግ። ቲሸርቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጋ። ሁለቱን ትከሻ ግጠም፣ ብብትን ከብብት አገናኝ። የጎን ስፌቱ ቀጥ ብሎ ከወረደ፣ የታችኛው ጠርዝም እኩል ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ እነዚያን ቀጫጭን መስመሮች በዓይንህ ተከተል። ከጎን ስፌቱ ጎን ለጎን መውረድ አለባቸው። ገና ሳይታጠብ መስመሩ ስፌቱን እየሸሸ ከሄደ ተወው። ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተወው።

አንገት። ጥሩ አንገት ሪብ ነው፤ ጎድጎድ ከፍ ያለ፣ ሲስቡት የሚመለስ ጨርቅ። ትንሽ ላይክራ (እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ክር) ካለው ይበልጥ ይመለሳል። ስለዚህ መለያው ላይ 95 ጥጥ 5 ላይክራ የሚል ካየህ አትደንግጥ። ጭንቅላት በሚያስገባ ልክ ሳበውና ልቀቀው። ወዲያው ከተመለሰ ያዘው። ማዕበል ሠርቶ ከቀረ ግን አንተ ላይም እንደዚያው ነው። ቀጥሎ የውስጡን ጀርባ ገልብጠህ እይ። ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው በአንገቱ ዙሪያ የተሰፋ ቀጭን ጥብጣብ ካለ ሰፊው ተጨንቆበታል። ያ ጥብጣብ ነው ትከሻው እንዳይለጠጥ የሚይዘው።

ደንበኛ መጣብኝ። ስለ ክሩ ማታ እቀጥላለሁ።

እንዝርት | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:30

ልጆቼ፣ ስለ ክር ስታወሩ ዝም ማለት አልቻልኩም። እናቴ ፈታይ ነበረች። እኔም በእንዝርት ነው ያደግሁት። ጥጥ ሲመጣ መጀመሪያ በብረት እየዳመጥን ፍሬውን እናወጣለን። ከዚያ በደጋን እየነደፍን ባዘቶ እናደርገዋለን። እናቴ ከባዘቶው ቆንጠር ታደርግና በሁለት እጇ ጎትታ ትለያየዋለች። ጭረቱ፣ ማለት የጥጡ ቃጫ፣ ረዘም ብሎ ከተጎተተ ለነጠላ ድር ታስቀምጠዋለች። አጭር አጭሩ ብጥስ ብጥስ ካለ "ይህ ለጋቢ ማግ ነው" ትላለች። አጭር ጭረት ክር ውስጥ ሲገባ ጫፉ ይወጣና ጨርቁ ፀጉር ያበቅላል።

የፋብሪካውም ጨርቅ ቢሆን ከጥጥ የመጣ ነው፣ ሌላ ጠባይ አያመጣም። እኔ ልብስ ስገዛ ጨርቁን በአውራ ጣትና በሌባ ጣቴ መሃል አድርጌ ደጋግሜ አሻለሁ። ፀጉሩ ከተነሣ፣ ጣቴ ላይ ብናኝ ከቀረ አልገዛም።

ወሎዬዋ ስፌት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:00

እማማ እንዝርት፣ እድሜ ይስጥልኝ። እናትዎ በእጃቸው የሠሩትን ነው ፋብሪካው በማሽን የሚሠራው። ማታ ልጽፈው የነበረውን ግማሹን እርስዎ ጻፉልኝ።

ክር ሁለት ዓይነት ዝግጅት አለው። አንደኛው ጥጡ ተነድፎ፣ ተጠራርጎ በቀጥታ የሚፈተል ነው። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ በማበጠሪያ ያልፋል። ማበጠሪያው አጭር ጭረቱን ለቅሞ ያወጣል፣ ረጅሙን ጎን ለጎን ያስተኛል። መለያ ላይ ኮምብድ የሚባለው ይህ ነው። ለቅሞ የሚያወጣው ትንሽ አይደለም፣ ከጥጡ ከአሥር እጅ አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ይወጣል። ለዚህ ነው ዋጋው የሚወደደው። ለዚህ ነው ደግሞ የማያሳክከው፣ ከብዙ አጠባ በኋላም ትንንሽ ኳስ የማያወጣው።

በብርሃን መለየት ይቻላል። ቲሸርቱን ወደ መስኮት ወይም ወደ ስልክ ባትሪ አንሥተህ በውስጡ እይ። የተበጠረ ክር እኩል ነው፣ ብርሃኑ ወጥ ሆኖ ያልፋል። ያልተበጠረ ከሆነ ወፈር ሳሳ፣ ጠቆር ነጣ ያለ ደመና ደመና ይታይሃል። እማማ እንዳሉት በጣት ማሸቱን ጨምርበት። ሁለቱ ይበቁሃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አዲስ ልብስ ፋብሪካ ሲወጣ ማለስለሻ ይቀባል፣ ስለዚህ ልስላሴው ብቻ አያታልልህ። ሁለቴ ሲታጠብ ይሄዳል። በውሃ ጠብታ የምትፈትኑም አላችሁ፤ ጠብ አድርገው ካልገባ "ጥጥ አይደለም" የምትሉ። ማለስለሻው ውሃ ሊከለክል ስለሚችል ከአንድ አጠባ በኋላ ነው መሞከር ያለበት።

ቦርከና ዳር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:35

እኔ ኮምቦልቻ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ሙቀቱን አውቀዋለሁ። በዚህ ሁሉ ድካም ፋንታ ቅልቅል ግዛ ነው የምለው። 60 ጥጥ 40 ፖሊስተር። ቶሎ ይደርቃል፣ አይተኮስም፣ አያጥርም፣ አይዞርም። ማታ አጥቤ ጠዋት እለብሳለሁ። ሙሉ ጥጥ በክረምት ደሴ ላይ ስንት ቀን ነው የሚሰጣው?

ወሎዬዋ ስፌት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:50

የተናገርከው ሁሉ ልክ ነው። ለኳስ ሜዳ፣ ለሩጫ እኔም ቅልቅል እመርጣለሁ። የጠያቂያችን ችግር ግን ሌላ ነው። ጥጥ ከአየሩ እርጥበት የክብደቱን 8 ፐርሰንት ያህል ይዞ በእጅህ ደረቅ ይመስልሃል። ፖሊስተር አንድ ፐርሰንት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ላቡን ጥጡ ወደ ውስጡ ይወስደዋል፣ ፖሊስተሩ ቆዳህ ላይ ይተውልሃል። ሽታውም ከፖሊስተር ቶሎ አይለቅም። ቀኑን ሙሉ ዕቃ እያነሣ ለሚውል ሰው ጥጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

ደግሞ ከመጋዘን ወጥቶ ወደ ደሴ ሲወጣ ጥጡ በላብ ርሶ ከሆነ ብርድ ያስገባል። ቅያሪ ያዝ ወንድሜ። ይህ የደረት ነገር ነው።

ቦርከና ዳር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:00

የሽታውን ነገር እውነትሽን ነው። ሚስቴም ትለኛለች። ተቀብያለሁ።

ቀለምና ህትመት | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:20

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቲሸርት ላይ አትማለሁ። ማንም ያልነካውን ልናገር፤ ክብደት። የጨርቅ ክብደት የሚለካው አንድ ካሬ ሜትር ስንት ግራም ነው ተብሎ ነው። እኛ በአጭሩ ጂ.ኤስ.ኤም እንለዋለን። ከ140 እስከ 160 ቀላል ነው፤ ለኮምቦልቻ ሙቀት ምቹ፣ ግን ነጭ ከሆነ ገላ ያሳያል። 180 መካከለኛ ነው፤ ለሥራ እኔ ይህን ነው የምመክረው። ከ220 በላይ ከባድ ነው፤ ቅርጹ ሸጋ ነው፣ ደሴ ላይ ያምራል፣ ታች ግን ያፍናል። ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ ሁለት አየር ነው የምንለብሰው።

ክብደቱ ካልተጻፈስ? ከአሮጌ የምትወዱት ቲሸርት ላይ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር በጥንቃቄ ቁረጡ። ወርቅ ቤት ወስዳችሁ አስመዝኑት፣ ወርቅ ሠሪው ወዳጃችሁ ከሆነ እምቢ አይልም። 1.8 ግራም ከመጣ በ100 አባዙት፣ 180 ነው። ያንን ጨርቅ በእጃችሁ ልመዱት። እጅ አንዴ ከለመደ ሚዛን አያስፈልገውም።

የክር ቁጥርም አለ። ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል። 20 ቁጥር ክር ኪሎው ሲዘረጋ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። 30 ቁጥር ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር። ከደሴ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ በሉት! አንድ ኪሎ ጥጥ ይህን ሁሉ መንገድ ሳይበጠስ እንዲሄድ ጭረቱ ረጅም መሆን አለበት። እማማ እንዝርት ያሉት ይኸው ነው።

ለሰርግና ለማኅበር የምታሳትሙም ልብ በሉ። ሰብሊሜሽን የሚባለው፣ ቀለሙ በሙቀት ከወረቀት ወደ ጨርቅ የሚተላለፍበት ህትመት፣ ፖሊስተር ላይ እንጂ ጥጥ ላይ አይይዝም። "ሙሉ ጥጥ ነው፣ በሰብሊሜሽን አትምልሃለሁ" የሚላችሁ ካለ ከሁለቱ አንዱ እውነት አይደለም።

የሆጤ ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30

እኔ ከሰኞ ገበያ ሰልባጅ ነው የምገዛው፤ ለልጆቼም ለራሴም። ከአዲሱ ይልቅ እሱ ይቆይልኛል። ምክንያቱ ምን ይሆን? ደግሞ አጠባችሁን ንገሩኝ። ጥቁሩ ሁሉ ይነጣብኛል።

ወሎዬዋ ስፌት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:10

እታለም፣ ሰልባጅ የሚያጥረውን አጥሮ፣ የሚዞረውን ዞሮ ነው እጅሽ የሚገባው። የሚደብቀው ነገር የለም። የምታዪው ያው የሚቀጥለው ነው። ብቻ ብብቱንና የትከሻውን ጫፍ ወደ ብርሃን አንሥተሽ እዪው። እዚያ ከሳሳ ብዙም አይሄድ።

አጠባውን በተመለከተ፣ ቀለም ያለውን ገልብጠሽ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢ። የመጀመሪያ አጠባውን ለብቻው አድርጊው። አትጠምዝዥው፤ ሁለት እጅሽ መሃል ጫን ጫን እያደረግሽ ውሃውን አስወጪ። በአንገቱ ገመድ ላይ አትስቀዪው፣ ውሃው ቁልቁል ሲስበው አንገቱ ይረግባል። ከታች ጠርዙ አጥፈሽ ገመዱ ላይ ጣል አድርጊው፣ ጥላ ውስጥ። ጥቁርሽን የሚያነጣው የደሴ ፀሐይ ነው። ደጋ ላይ ፀሐዩ ብርዱ እያለም ይልጣል።

በረኪና ደግሞ ላይክራ ያለበት አንገት ላይ አታስነኪ። ላይክራውን ይበላዋል።

ጦሳ ሥር | ሐሙስ፣ ከቀኑ 7:00

የሚቆጨኝን ልጠይቅ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ልብስ ይሰፋበታል። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውም ከደርግ ጊዜ ጀምሮ አለ። እኛ ለምን ጥሩ ቲሸርት ፍለጋ እንንከራተታለን?

ወሎዬዋ ስፌት | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:50

እኔንም ይቆጨኛል። ፓርኩ ሲሠራ ለውጭ ገበያ ታስቦ ነው። እኔ የሰፋሁት ልብስ በካርቶን ታሽጎ ነበር የሚሄደው፣ ከተማዬ ላይ አንድም ቀን ሲለበስ አላየሁትም። ጨርቁም በጥቅል ከውጭ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ደግሞ የሚታወቀው በአንሶላና በፎጣ ነው። እሱ ሽመና ነው፣ ቲሸርት ሹራብ። ማሽኑ ይለያያል። እጁ ግን እዚሁ አለ። ፋብሪካ ሠርተው የወጡ፣ ጥሩ ጨርቅ ከአዲስ አበባ በኪሎ አምጥተው የሚሰፉ ልጆች ኮምቦልቻም ደሴም አሉ። ጠይቋቸው፣ ጨርቁን አስነኩን በሏቸው። ገዢ ሲጠይቅ ነው ሰፊ የሚጠነቀቀው።

እንዝርት | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:30

የኮምቦልቻ ፎጣ ቤቴ አለ። ልጄ ትንሽ ሳለ የገዛሁት ነው። ልጄ ዛሬ የልጆች አባት ነው፣ ፎጣው አሁንም ውሃ ይጠጣል። ጥሩ ጥጥ ሲያረጅ ይለሰልሳል እንጂ አይሞትም።

የሐረጎ ተመላላሽ | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 9:00

ቃል ስላለብኝ ተመልሻለሁ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሦስት ሱቅ ዞርኩ። ትከሻ ገጠምኩ፣ አንገት ሳብኩ፣ በስልክ ባትሪ በውስጡ አየሁ፣ በጣቴ አሸሁ። ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ "ወንድሜ ልትገዛ ነው ወይስ ልትመረምር?" አለኝ። ልግዛ ስለሆነ ነው የምመረምረው አልኩት። ምን እንደማይ ጠየቀኝና አሳየሁት። እሱም ከመደርደሪያው አንድ በአንድ እያወረደ አብሮኝ ማየት ጀመረ። ከአሥራ አንድ ቲሸርት ሦስቱ ብቻ ጎናቸው ቀጥ አለ። ከሦስቱ አንዱ አንገቱ ጥብጣብ ነበረው። ጥቁር፣ 180 ይሆናል ብዬ በእጄ ገመትኩት። እሱን ገዛሁ።

ከመታጠቡ በፊት ከትከሻ እስከ ታች ለካሁት፣ 72 ሳንቲ ሜትር። አራት ጊዜ ታጥቦ ዛሬ ስለካው 70 ሆኗል። ጎኑ ጎኑ ላይ ነው። አንገቱ እንደነበረ ነው። ከሁሉም የገረመኝ ጀርባዬ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጭኜ አውርጄ ጨርቁ አይለጠፍብኝም። ቅያሪም እይዛለሁ፤ ሐረጎን ስወጣ ደረቅ ለብሼ ነው።

የቀለጠውን ቲሸርት ለሻጩ መለስኩለት። ቁራጯን ፊት ለፊቱ አቃጠልኩና ዶቃውን አሳየሁት። መጀመሪያ ተቆጣ። ከዚያ ዝም ብሎ አየውና "እኔም ኮተን ብለው ነው የሸጡልኝ" አለኝ። ግማሽ ብሬን መለሰልኝ።

ወሎዬዋ ስፌት | እሑድ፣ ከቀኑ 9:25

አልሐምዱሊላህ፣ ደስ አለኝ። ሁለት ሳንቲ ሜትር ለጥጥ ደህና ነው፤ ከዚህ በኋላ ብዙም አያጥርም። በሚቀጥለው አንድ ቁጥር ከፍ አድርገህ መግዛት አያስፈልግህም።

የሆጤ ልጅ | እሑድ፣ ከቀኑ 9:40

ጥቁሩስ ቀለም ለቀቀ?

የሐረጎ ተመላላሽ | እሑድ፣ ከቀኑ 9:52

የመጀመሪያው ውሃ ትንሽ ጠቆረ። ሁለተኛው ንጹሕ ነበር። ጥላ ውስጥ ነው የማሰጣው፣ በታች ጠርዙ።